ከወንዙ ማዶ የቆመው አዝማሪ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል ተረቱ። ከምንጭ ርቆ መጠማት የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ከወንዝ ዳር ተወልዶ፣ የወንዙን ድምፅ እየሰማ አድጎ ከወንዙ መከልከል ግን የሰው ሥራ ነው። ተረቱ የሚመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዓባይ እጅግ ርቆ፣ በህንድ ደቡብ፣ ካቬሪ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር ስለ ኖረ አንድ አዝማሪ የሚነገረው አፈ ታሪክም ከዚሁ ምሬት የተቀዳ ነው። አዝማሪው ዕድሜውን ሙሉ ከወንዙ ማዶ ስለሚታየው ቤተ መቅደስ ሲያዜም ኖረ። ሆኖም በትውልዱ ምክንያት ደጁን እንዲረግጥ አልተፈቀደለትም። በመጨረሻ ወደ ውስጥ የገባው በእግሩ አልነበረም፤ በካህን ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህ ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲተረክ ኖሯል። የሚያስገርመው ደግሞ በጽሑፍ ያቆዩትና በየበዓሉ ያወሱት ሰዎች የደጁ ቁልፍ በእጃቸው የነበረ ካህናት መሆናቸው ነው። አንድ ኅብረተሰብ በትውፊቱ ያከበረውን ሰው በደጁ ላይ እንዴት ሊከለክል ቻለ? ትውፊቱስ ለተከለከለው ሰው ምን ጠቀመው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ በስሪራንጋም ቤተ መቅደስ ዙሪያ የተፈጠሩትን አፈ ታሪኮችና ወጎች መመልከት፣ ትውፊት በሰው ልጅ ኑሮ ውስጥ የሚችለውንና የማይችለውን ነገር ለመለየት ይረዳል።

ካቬሪ ዛሬ ካርናታካ በሚባለው ክፍለ ሀገር ከሚገኙት ተራሮች ይመነጭና ወደ ምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር፣ ከቲሩቺራፓሊ ከተማ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የደቡቡ ክንድ ካቬሪ እንደተባለ ይቀጥላል፤ የሰሜኑ ክንድ ኮሊዳም ይባላል። ሁለቱ ክንዶች ዐቅፈው የያዙት ደሴት ስሪራንጋም ነው። በደሴቲቱ ላይ የቆመው ቤተ መቅደስ 63 ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። ሰባት ቅጥሮች አንዱ በሌላው ውስጥ እየሆኑ ይከብቡታል፤ በቅጥሮቹ በሮች ላይና አካባቢ 21 ግንቦች ቆመዋል። በውጪዎቹ ቅጥሮች ውስጥ መንገድ አለ፣ ገበያ አለ፣ የመኖሪያ ቤት አለ። አበባ የሚጎነጉነው፣ የመዳብ ዕቃ የሚሸጠው፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ሕዝብ ከግንቡ ውስጥ ይኖራል። ወደ መካከል በተጠጉ ቁጥር የገበያው ድምፅ እየራቀ፣ ጨለማው እየጠነከረ፣ የዕጣኑና የዘይቱ ሽታ እየበረታ ይሄዳል። ከሁሉም መካከል፣ ከወርቅ ጉልላት በታች፣ የቪሽኑ ምስል በታላቁ እባብ በአዲሼሻ ላይ ተንተርሶ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ተኝቷል። በዚህ ሁኔታው ራንጋናታ ይባላል።

የቤተ መቅደሱ ዕድሜ ረጅም ነው። ሲላፓዲካራም በሚባለው ጥንታዊ የታሚል ታሪክ ቀመስ ግጥም ውስጥ በካቬሪ ደሴት ላይ ስለተኛው አምላክ ተወስቷል። ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቾላ፣ የፓንዲያ፣ የሆይሳላና የቪጃያናጋራ ነገሥታት ያስቀረጿቸው ጽሑፎች በግድግዳዎቹ ላይ በመቶ ይቆጠራሉ። ጽሑፎቹ የተሰጠውን መሬት፣ የመብራት ዘይቱን፣ የከብቱን ቍጥር ይመዘግባሉ። ነገሥታቱ በድንጋይ ላይ የጻፉት ታሪክ ይህ ነው። ሕዝቡ በቃል የያዘው ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው።

አፈ ታሪኩ እንደሚለው ምስሉ መጀመሪያ የታሰበው ለዚህ ደሴት አልነበረም። ራማ የላንካውን ንጉሥ ራቫናን ድል ካደረገ በኋላ፣ በጦርነቱ ከእርሱ ጋር ለቆመው ለራቫና ወንድም ለቪቢሻና፣ አባቶቹ ሲያመልኩት የኖሩትን ይህን ቅዱስ ምስል ሸለመው። በመንገድ ላይ ምድር እንዳያስነካው ግን አስጠነቀቀው። ቪቢሻና ሽልማቱን ተሸክሞ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ካቬሪ ዳር ደረሰ። የጸሎት ሰዓት ሆነበት፤ መታጠብም ፈለገ። በአቅራቢያው ከብት የሚጠብቅ ልጅ አየና «እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎ ሰጠው። ልጁ ግን ምስሉን መሬት ላይ አስቀምጦ እየሮጠ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቋጥኝ ወጣ። ቪቢሻና ተመልሶ ምስሉን ቢያነሣው እንቢ አለው። ተናዶ ልጁን አሳደደው፤ በቋጥኙ ጫፍ ላይ ደርሶበትም ግንባሩን መታው። ያን ጊዜ ልጁ ባለ ዝሆን ራሱ አምላክ ጋኔሻ መሆኑ ተገለጠ። 83 ሜትር ከፍታ ባለው በዚያ ቋጥኝ ላይ ዛሬ የጋኔሻ ቤተ መቅደስ አለ፤ ምእመናንም በምስሉ ግንባር ላይ ያለውን የምቱን ምልክት እያሳዩ ይተርካሉ።

ቪቢሻና ባዶ እጁን በመቅረቱ አለቀሰ። አምላኩም እንዲህ ሲል አጽናናው ይባላል፦ «እኔ ከዚህ ወንዝ አልለይም፤ ነገር ግን ፊቴን ዘወትር ወደ አገርህ አዙሬ እተኛለሁ።» ምስሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ላንካ የሚመለከተው ስለዚህ ነው። ለቤተ መንግሥት የታሰበ አምላክ ገበሬው በሬውን በሚያጠጣበት ወንዝ ዳር ቀረ። ያስቀረውም የጦር ኀይል አይደለም፤ የእረኛ መልክ የያዘ ልጅ ነው። ይህን ታሪክ የፈጠረው አእምሮ ለማን ያደላ እንደነበር ለመገመት አያዳግትም።

ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር ሌላ ታሪክ ይነገራል። ወንዙ ሞልቶ ቤተ መቅደሱን አሸዋ አለበሰው፤ በላዩም ጫካ በቀለበት፤ ሰውም ረሳው። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የቾላ ንጉሥ በዚያ ሲያልፍ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዛፉ ላይ የነበረች በቀቀን የጥንቱን ቦታ ክብር ደጋግማ ስትናገር ሰማ፤ ጫካውን አስመነጠረ፤ አሸዋውን አስቆፈረ፤ ቤተ መቅደሱንም አገኘ። በታሚል ቋንቋ ኪሊ ማለት በቀቀን ማለት ነው፤ ያም ንጉሥ በዚሁ ስም ሲታወስ ይኖራል። ነገሥታት የረሱትን የምታስታውሰው የዱር ወፍ ናት።

ወንዙ ራሱ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እንደ ሴት ይታሰባል። በታሚሎች አቈጣጠር አዲ በሚባለው ወር፣ ይኸውም ከሐምሌ ወር አንሥቶ ውኃው በሚሞላበት ጊዜ፣ ካቬሪ ነፍሰ ጡር ናት ይባላል። ወሩ በገባ በ18ኛው ቀን ሴቶች አማ ማንዳፓም በሚባለው የወንዝ ዳር ደረጃ ይሰበሰባሉ። ለነፍሰ ጡር የሚያምሯትን ልዩ ልዩ የሩዝ ምግቦች ሠርተው ያመጣሉ፤ መብራት ያበራሉ፤ በእርድ የተነከረ ቢጫ ክር በአንገታቸው ያስራሉ። ከቤተ መቅደሱም በበኩሉ ለወንዟ የሐር ልብስ በስጦታ ይላካል። ለዕለት አገልግሎት የሚያስፈልገው ውኃ ከወንዝ የሚቀዳ ሲሆን፣ በዝሆን ጀርባ ተጭኖ በከበሮና በመለከት ታጅቦ ይገባል። ውኃ መቅዳት እንዲህ ያለ ክብር ያለው ሥራ በመሆኑ ከታላላቆቹ ካህናት አንዱ የሚፈጽመው ነበር። የአዝማሪው ታሪክ የሚጀምረውም ካህኑ ማሰሮውን ይዞ ወደ ወንዙ ከወረደበት ማለዳ ነው።

በደቡብ ህንድ ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ አልዋር የሚባሉ ዐሥራ ሁለት የቪሽኑ ባለቅኔዎች ተነሥተው ነበር። ካህናት ብቻ በሚያውቁት በሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በታሚል ዘመሩ። ከመካከላቸው ንጉሥ ነበር፣ ሴት ነበረች፣ ወንበዴ የነበረም አለ። ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ አንዱ ስለ ስሪራንጋም ገጥመዋል። ከነዚህም አንዱ ቲሩፓን አልዋር ነው። ቲሩፓን ፓናር ከሚባሉት የአዝማሪ ወገኖች ነበር። ፓናሮች ባለ አውታር መሣሪያቸውን አንግበው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ የሚያዜሙ ሲሆኑ፣ ዜማቸው የሚወደድ፣ ራሳቸው ግን የሚናቁ ነበሩ። በካስት ሥርዓት መሠረት «የማይነኩ» ተብለው ተመድበው ነበርና ጥላቸው እንኳ ያረክሳል ይባል ነበር። ስለዚህ ቲሩፓን ወደ ደሴቲቱ አይሻገርም። በደቡብ ዳርቻ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቤተ መቅደሱ አዙሮ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ያዜማል።

አንድ ቀን ሎካሳራንጋ የሚባለው ካህን ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ አዝማሪው በመንገዱ ላይ ቆሞ አገኘው። «አንተ! ከመንገድ ዞር በል!» አለው። ቲሩፓን በዜማው ተመሥጦ ነበርና አልሰማም። ካህኑ ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም መልስ የለም። በዚህ ጊዜ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረበት። ድንጋዩ ግንባሩን ፈነከተው። አዝማሪው ከተመሥጦው ነቃ፤ ደሙ በፊቱ ላይ እየወረደ፣ መንገድ በመዝጋቱ ይቅርታ ጠይቆ ዞር አለ። ካህኑም ውኃውን ቀድቶ ተመለሰ። መቅደሱን ከፍቶ ሲገባ ግን ከምስሉ ግንባር ደም ሲፈስ አየ።

በዚያች ሌሊት አምላኩ ለካህኑ በሕልም ተገለጠለትና «የወረወርኸው ድንጋይ ያገኘው እኔን ነው። ሂድና ወዳጄን በትከሻህ ተሸክመህ አምጣልኝ» አለው። ሲነጋ ካህኑ ወደ ወንዙ ወረደ፤ በአዝማሪው እግር ላይም ወደቀ። ቲሩፓን ደንግጦ ወደ ኋላው ሸሸ። «አባቴ፣ ምን ማድረግዎ ነው? እኔ እኮ ያችን ደሴት በእግሬ መርገጥ የማይገባኝ ሰው ነኝ» አለ። ካህኑም «እግርህ መሬቱን አይረግጥም፤ ትከሻዬን ነው የሚረግጠው» ብሎ አንሥቶ ተሸከመው። ወንዙን ተሻገሩ፤ ሰባቱንም ቅጥሮች አለፉ። አዝማሪው ከምስሉ ፊት በደረሰ ጊዜ ከእግሩ ጀምሮ እስከ ዓይኑ ድረስ የአምላኩን መልክ የሚገልጽ ዐሥር አንጓ ግጥም አዜመ። ከዚያም በሁሉም ፊት ከምስሉ ጋር ተዋሕዶ ተሰወረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሙኒቫሃና፣ ማለት «ካህን የተሸከመው» የሚል ስም ወጣለት።

ታሪኩ ውብ ነው። ውበቱም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ድንጋይ የወረወረ እጅ ያን ድንጋይ በራሱ አምላክ ግንባር ላይ ማግኘቱ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይናገራል። ነገር ግን አንባቢ በጥሞና ቢመለከተው አንድ ነገር ያስተውላል። አዝማሪው ደሴቲቱን በእግሩ አልረገጠም። ሕጉ አልተሻረም፤ ሕጉ ሳይነካ ለአንድ ሰው ብቻ በላዩ ላይ መንገድ ተበጀለት። ከገባም በኋላ አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደጁ ላይ ምን ይገጥመው እንደነበር ታሪኩ አይነግረንም። ግጥሙ በቅዱሳት መዝሙሮች ስብስብ ውስጥ ገብቶ የካህናቱ ልጆች በቃላቸው የሚያጠኑት ሆነ። ወገኖቹ ግን ከዳር ቀሩ። ዜማው ገባ፤ ዘመዱ ደጅ አደረ።

የቅጥሮቹም ነገር እንዲሁ ነው። ከዐሥራ ሁለቱ ባለቅኔዎች መካከል ወንበዴ የነበረው ቲሩማንጋይ አልዋር ነው። የቤተ መቅደሱን ግንብ ለማሠራት በናጋፓቲናም የነበረውን የወርቅ ቡድሃ ምስል ሰርቆ እንዳቀለጠ ይተረካል። ወርቁ ባለቀ ጊዜ ግንበኞቹ የድካማቸውን ዋጋ ጠየቁት። የሚከፍለው አልነበረውም። «ከወንዙ ማዶ የተቀበረ ሀብት አለ» ብሎ በጀልባ አሳፈራቸው፤ በወንዙ መካከልም ጀልባው ተገልብጦ ሁሉም ሰጠሙ። ዘመዶቻቸው መጥተው ሲጮኹበት፣ የሟቾቹ ነፍስ ገነት መግባቷን ነገራቸው ይባላል። ኮሊዳም የሚለው የወንዙ ስም «መግደያ ስፍራ» ማለት ነው የሚሉ የአካባቢው ተራኪዎች ከዚህ ታሪክ ጋር ያያይዙታል።

ይህን አፈ ታሪክ የያዙት ምእመናን ባለቅኔውን ለመወንጀል ብለው አልነበረም፤ የእምነቱን ብርታት ለማሳየት ነበር። ሆኖም ትውፊት ከተራኪው ፈቃድ ውጪ የሚያስቀምጠው ነገር አለ። ደመወዙን ያልተቀበለው ግንበኛ በታሪኩ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ስሙ በግድግዳ ላይ አልተቀረጸም፤ ነገር ግን ከግንቡ ሥር በሚያልፈው ወንዝ ስም ውስጥ፣ ቢያንስ በሕዝቡ ጆሮ፣ ይሰማል።

በ14ኛው መቶ ዓመት ቤተ መቅደሱ ታላቅ መከራ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1311 የዴልሂው ሡልጣን የጦር አዛዥ ማሊክ ካፉር ወደ ደቡብ ዘመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1323 ደግሞ ሌላ ጦር መጣ። ካህናቱ ዋናውን ምስል በድንጋይ ግንብ ጋርደው፣ በበዓል ቀን የሚወጣውን ከብረት የተሠራ ምስል ይዘው ተሰደዱ። ስደተኞቹን የመራው በእርጅና ላይ የነበረው ሊቅ ፒላይ ሎካቻርያ ነበር፤ እርሱም በመንገድ ላይ ዐረፈ። በትውፊቱ እንደሚነገረው ለስደተኞቹ ጊዜ የገዛችላቸው ቬላዪ የምትባል የቤተ መቅደሱ ተወዛዋዥ ናት። የጦሩን አዛዥ በውዝዋዜዋ አማልላ፣ ሀብት አሳይሃለሁ ብላ ወደ ምሥራቁ ግንብ ጫፍ ወሰደችው፤ ከዚያም ገፍትራ ጣለችው፤ ራሷም ተከትላ ወደቀች። ግንቡ ስለ እርሷ መታሰቢያ ነጭ ቀለም ይቀባል ይባላል፤ ስሙም ነጩ ግንብ ነው።

ምስሉ ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከጫካ ወደ ጫካ፣ ከተራራ ወደ ተራራ ሲንከራተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1371 የቪጃያናጋራው ሹም ጎፓና መልሶ አመጣው። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር ተነሣ። በስደቱ ዘመን በምትኩ ሌላ ምስል ተሠርቶ ነበርና የትኛው ጥንታዊው እንደሆነ የሚለይ ሰው ጠፋ። የድሮዎቹ ካህናት ሞተዋል። በመጨረሻ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተገኘ። ይህ ሰው በወጣትነቱ የምስሉን ልብሶች ያጥብ የነበረ ልብስ አጣቢ ነው። ሁለቱም ምስሎች ታጠቡ፤ የረጠበው ልብሳቸውም ለሽማግሌው ተሰጠው። በሽታውና በጣዕሙ ለይቶ፣ ስደተኛውን ምስል «የእኛ ጌታ ይህ ነው» ብሎ መሰከረ። ምስሉ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ናምፔሩማል የሚለው ስም ትርጕሙ ይኸው ነው። ሊቃውንት ያልቻሉትን ፍርድ የሰጠው የልብስ አጣቢ አፍንጫ ነበር። የአምላኩን ስም ያወጣውም ከታችኛው የኅብረተሰብ ክፍል የሆነ የላብ አደር ሰው ነው።

ከዚሁ ዘመን ጋር የሚያያዝ ሌላም ታሪክ አለ። ምስሉ ተማርኮ ዴልሂ በደረሰ ጊዜ የሡልጣኑ ልጅ ወደደችው፤ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እንደ ጓደኛ ታጫውተው ጀመር። የስሪራንጋም ሰዎች በዜማ ሡልጣኑን አስደስተው ምስሉን ሲያስመልሱ ልዕልቲቱ መለየት አልቻለችም። ተከትላ መጣች፤ በቤተ መቅደሱም ሞተች። የታሚል ሰዎች «ቱሉካ ናቺያር» ይሏታል፤ እስላሟ እመቤት ማለት ነው። በውስጠኛው ቅጥር መታሰቢያ አላት። በሃይማኖቷ የተቀረጸ ምስል ስለማይፈቀድ በሥዕል ብቻ ትወከላለች። ስለ እርሷም ሲባል ለአምላኩ እንደ ሰሜኑ ሰው ልማድ የስንዴ ቂጣ ይቀርብለታል፤ በአንዳንድ ሥርዓት ላይ እስላሞች የሚያሸርጡትን ዓይነት ሽርጥ ይለብሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ የሂንዱ እምነት ተከታይ ያልሆነ እንግዳ ወደ ውስጠኛው መቅደስ እንዲዘልቅ አይፈቀድም። እስላሟ እመቤት ከውስጥ ናት፤ የእርሷ እምነት ተከታይ ከውጪ ይቆማል።

ስሪራንጋም ለኪነ ጥበብም ደጅ ነበረች። ካምባር የሚባለው ታላቅ ባለቅኔ የራማን ታሪክ በታሚል ገጥሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው በዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው ይባላል። ሊቃውንቱ አንዱን ክፍል ተቃወሙት፤ ይሁን እንጂ በአጠገቡ የነበረው የአንበሳ ራስ ያለው የቪሽኑ ምስል ራሱን ነቅንቆ ሥራውን አጸደቀለት ይላሉ። በየዓመቱ በታኅሣሥና በጥር መካከል በሚውለው የማርጋዢ ወር በዓል፣ አራይያር የሚባሉት የዘር ዘማሪዎች ሾጣጣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ትንንሽ ጸናጽል ይዘው፣ የአልዋሮቹን 4000 ያህል ግጥሞች በዜማና በእጅ ምልክት ያቀርባሉ። በዓሉ 21 ቀን ይፈጃል። ሺህ ዓምድ በሚባለው፣ በትክክል ሲቈጠር ግን 953 ዓምዶች ባሉት አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ይሰበሰባል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈተው «የገነት በር» የሚከፈተውም በዚሁ በዓል ነው።

የካህናቱ ወገን ውስጥ ሕሊናቸው ያላረፈ ሰዎች አልጠፉም። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረውና የቤተ መቅደሱን አስተዳደር ያደራጀው ፈላስፋ ራማኑጃ፣ በምሥጢር እንዲይዘው የተነገረውን ጸሎት ከቤተ መቅደስ ግንብ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ እንዳሰማ ይተረካል። «ይህን ያደረገ ሲኦል ይገባል» ቢሉት፣ ብዙዎች የሚድኑ ከሆነ እርሱ ሲኦል ቢገባ ግድ እንደሌለው መለሰ ይላሉ። የተናቁትን ወገኖች «የቅዱስ ቤተ ሰብ ሰዎች» ብሎ እንደሰየማቸውና በሜልኮቴ ቤተ መቅደስ በዓመት ለጥቂት ቀናት እንዲገቡ እንደፈቀደላቸውም ይነገራል። ጥቂት ቀናት ከምንም ይሻላሉ፤ ነገር ግን ዓመቱ ረጅም ነው።

በሩን የከፈተው ሕልም አልነበረም፤ የሰዎች ትግልና ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የትራቫንኮር ንጉሥ የመንግሥቱን ቤተ መቅደሶች ለሁሉም ሂንዱዎች ክፍት አደረገ። ሐምሌ 8 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ጠበቃው ቫይድያናታ አይየር «የማይነኩ» ተብለው የኖሩ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ ወደ ማዱራይ ታላቅ ቤተ መቅደስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1947 የማድራስ ክፍለ ሀገር የቤተ መቅደስ መግቢያ ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው የህንድ ሕገ መንግሥትም «አለመነካት» የሚባለውን ልማድ በ17ኛው አንቀጽ ሻረ። የካስት ሥርዓትን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖትንም ሲቃወም የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1973 የሞተው ፔሪያር ራማሳሚም ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ በስሪራንጋም ግንብ ፊት ለፊት ቆመ።

ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ያ ታላቅ ግንብ 13 ደርብና 72 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት በቪጃያናጋራው ንጉሥ በአቹታ ዴቫ ራያ ዘመን መሠረቱ ከተሠራ በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል ጕልላት ሳይኖረው ቆየ። የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ የመግቢያው ሕግ ከወጣ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ግንቡ ራሱን ያቀናው በሩ ለሁሉም በሕግ ከተከፈተ በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለተመልካች ደስ ያሰኛል።

የአዝማሪው ታሪክ በዚህ አላበቃም። በሚያዝያ ወር 2018 እ.ኤ.አ. በሃይደራባድ ከተማ በሚገኝ ሌላ የራንጋናታ ቤተ መቅደስ፣ አንድ ካህን «የማይነኩ» ተብለው ከኖሩት ወገኖች የተወለደ አንድ ወጣት በትከሻው ተሸክሞ በሕዝብ መካከል ወደ ውስጥ ገባ። ሎካሳራንጋ ያደረገውን መድገሙ ነበር። አበባ ተበተነ፤ ከበሮ ተመታ፤ ያዩት ሁሉ ተነኩ። ሥራው በቅን ልቡና የተሠራ ለመሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ሕጉ ከወጣ ከ70 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ማስፈለጉ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። በአንዳንድ መንደሮች የመግባት ጥያቄ ዛሬም ጠብ ያስነሣል። የተሸከሙት ሰው ክብሩ ከተሸካሚው ቸርነት የመጣ ይመስላል፤ በእግሩ የሚገባ ሰው ግን ማመስገን ያለበት ማንም የለም።

እንግዲህ ትውፊት ምን ጠቀመ ቢባል፣ ቁልፍ ባይሆንም ምስክር ሆኗል ማለት ይቻላል። እረኛውን፣ አዝማሪውን፣ ያልተከፈለውን ግንበኛ፣ ተወዛዋዧን፣ ልብስ አጣቢውንና የባዕድ አገሯን ልዕልት በሰባት ቅጥር ውስጥ ደብቆ አቆየ። ቅጥሮቹ ሰውን በትውልዱ ለይተው ሲያቆሙ፣ ከቅጥሮቹ ውስጥ የሚተረከው ታሪክ ግን ይህ ልዩነት ስሕተት መሆኑን ሳያቋርጥ ይመሰክር ነበር። በኋላ ዘመን በሩን ያንኳኩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የቤተ መቅደሱን የራሱን ታሪክ ይዘው መጡ።

በማርጋዢ ወር የገነት በር በሚከፈትበት ሌሊት፣ ከማለዳው በፊት፣ የሕዝቡ ሰልፍ ከቅጥር ወደ ቅጥር ይዘረጋል። በበዓሉ የቲሩፓን ዐሥር አንጓ ግጥምም ይዜማል። በሰልፉ ውስጥ አያቶቻቸው ከወንዙ ደቡብ ዳርቻ ቆመው የቀሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ሴቶች ሕፃናታቸውን ታቅፈዋል፤ ሽማግሎች ምርኩዝ ይዘዋል። ማንም አልተሸከማቸውም። ጫማቸውን አውልቀው፣ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ፣ በእግራቸው ይሄዳሉ።